ለማይግሬን የህንድ መድኃኒት የሞከራችሁ አላችሁ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ጥያቄውን እዚህ መድረክ ላይ የጻፍኩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። መብራት አጥፍቼ፣ የስልኬን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀንሼ። ማይግሬን ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ግራ ዓይኔ ሥር ይጀምረኛል፣ ወደ ጆሮ ግንዴ ይሄዳል፣ ከዚያ ግማሽ ጭንቅላቴን በመጥረቢያ የሚፈልጡኝ ያህል ይሆናል። ብርሃን ያስጠላኛል። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተተኝ ያስመልሰኛል። 11 ዓመት ሆነኝ።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። ዱባይ የምትሠራው እህቴ አንድ ብልቃጥ ዱቄት ላከችልኝ። ያገኘችው ከአንዲት ህንዳዊት የሥራ ባልደረባዋ ነው። አዩርቬዳ ይባላል፣ የህንዶች የጥንት ሕክምና ነው፣ ጠዋትና ማታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሞቀ ውሃ ጠጪ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ወሰድኩት። ትንሽ የቀለለኝ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ብልቃጡ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ቀለሙ አመድማ ነው። የሞከረው አለ ወይ፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም ብዬ ጠየቅኩ። ክኒን ሰልችቶኛል፣ ከእንግዲህ በተፈጥሮ መንገድ ነው የምፈልገው የሚልም ጨመርኩበት። ብዙውን ጭቅጭቅ ያመጣችው ይህች የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ናት።

ሲነጋ 6 መልስ ነበረ። አሁን 30 አልፏል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚያደክመው፣ የተባለውን እንደ አመጣጡ ልተርክላችሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ቁጥሮች ናቸው።

ቁጥር 1 ሻርጃ ያለች እህት ናት። ከህንድ ኬረላ የመጣ ቤተሰብ ቤት 6 ዓመት ሠርታለች። የቤቱ አያት ማይግሬን አለባቸው። ጠዋት ጠዋት ጋደም ይሉና ለብ ያለ የመድኃኒት ዘይት በየአፍንጫቸው ሁለት ሁለት ጠብታ ይደረግላቸዋል። ናስያ ይሉታል። የምትጨምርላቸው እሷ ነበረች። ግን የበለጠ የጻፈችው ስለ ሴትዮዋ አኗኗር ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይተኛሉ፣ በአንድ ሰዓት ይነሳሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከባድ ምግብ አይነኩም፣ እራታቸው ቀጭን የሩዝ ገንፎ ነው። ምሳ 10 ደቂቃ ቢዘገይ ቤቱ ይታመሳል። እሳቸው ስም የሌለው ዱቄት ሲጠጡ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ያን ጊዜ ይህን አንብቤ አልፌው ነበር። አሁን ሳስበው ለጥያቄዬ መልሱ ገና ከመጀመሪያው ተነግሮኛል።

ቁጥር 2 ጸበል ሂጂ አለኝ፣ በትህትና። ቁጥር 3 እኔም አለብኝ፣ መፍትሔ ካገኛችሁ ንገሩኝ ብላ ሄደች።

ቁጥር 4 ረጅም ነው። ህንድ አገር ፑኔ ከተማ የተማረ ወንድም ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ማይግሬን ሲያሰቃየው ጓደኞቹ አንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። እዚያ ሐኪሞቹ ዝም ብለው ዕፅ የሚቀምሙ አይደሉም፣ አምስት ዓመት ተኩል በኮሌጅ ተምረው ዲግሪ ይይዛሉ፣ ከ2014 ጀምሮም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አላቸው ይላል። ሐኪሙ እጁን ይዞ የደም ሥሩን ምት አዳመጠ፣ ምላሱን አየ። ከዚያ ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ሆድህ በየቀኑ ይሄዳል ወይ፣ ሲርብህ ትበላለህ ወይስ ትጠብቃለህ ብሎ ጠየቀው። ስለ ራስ ምታቱ የጠየቀው በመጨረሻ ነው። ማታ ማታ ትሪፋላ የሚባል የሦስት ፍሬዎች ድብልቅ ሰጠው። የቀረው ትእዛዝ ግን ስለ ሰዓት ነበር። ዲናቻርያ ይሉታል፣ የዕለት ሥርዓት ማለት ነው። ሰውነትን የሚገዙ ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች አሉ፣ ማይግሬን በተለይ ቫታ ሲናጋ የሚመጣ ነው ብለው ያምናሉ። ወንድማችን በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ይህ ሁሉ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም አለ። በኋላ እርማት ያመጣችበት ይህች ናት።

ቁጥር 5ን በጣም ወደድኩት። ቋንቋ የሚወድ ሰው ይመስላል። በጥንቶቹ የሳንስክሪት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የዚህ በሽታ ስም አርድሃቫቤዳካ ነው። አርድሃ ግማሽ ነው፣ የቀረው መብሳት፣ መሰንጠቅ ማለት ነው። የኛ እናቶችስ ራስ ፍልጠት አይደል የሚሉት? መንስኤ ብለው ከዘረዘሩት ውስጥም ደረቅ ምግብ፣ የበሉት ሳይፈጭ ደርቦ መብላት፣ የምሥራቅ ነፋስ፣ ቁር፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ተፈጥሮ ስትጠራ መያዝ ይገኛሉ። ነፋሱን ተውትና የቀረውን የኔን ሳምንት አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። የበጀት መዝጊያ ሰሞን ቢሮ ስናመሽ ሁሉንም አደርጋለሁ።

ቁጥር 6 ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ስለ ዱቄቱ ምንም አላለም። በወር ስንት ቀን ማስታገሻ ትወስጃለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ክኒን ሳይሆን ስንት ቀን። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለማይግሬን የሚታዘዙት ትሪፕታን፣ ኤርጎታሚን ወይም የተደባለቀ ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል አለ። የቢሮ መሳቢያዬን፣ ቦርሳዬን፣ ኮሞዲኖዬን ከፈትኩ። ባዶ ስትሪፕ ሰበሰብኩ፣ ከቀን መቁጠሪያዬ ጋር አስተያየሁ። 19 ቀን። ሐቁን ቁጥር 7 ላይ ጻፍኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት፣ ምክንያቱም 11 ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። የሄድኩበት ሁሉ ሌላ ማስታገሻ ጽፎ ነው የሸኘኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። ቁጥር 8 ሁላችንንም ሰደበን። ቅጠላ ቅጠልና ዘይት እያላችሁ ሰው ታስጨርሳላችሁ፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን የቫታና የፒታ ተረት ታወራላችሁ አለ። ቁጥር 9 እኩል ተናደደች። የአስፕሪን ታሪክ የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ነው፣ የወባው አርቴሚሲኒን ከቻይና ዕፅ ነው፣ አንተ የናቅኸውን ነጮቹ ያጠኑታል አለችው። በመሃል አላዋቂ መባባልም ነበረ፣ እሱን አልደግመውም።

ቁጥር 10 ሁለቱንም አረጋጋ። ዕፅ ይሠራል አይሠራም ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም፣ አንድ በአንድ ነው የሚታየው አለና ዝንጅብልን አነሳ። ኢራን ውስጥ 100 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሕመሙ ሲጀምር የተወሰደ የዝንጅብል ዱቄት ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲታይ ሱማትሪፕታን ከሚባለው የማይግሬን መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ብራዚል ውስጥ ግን ለመከላከያ ሦስት ወር በየቀኑ ሲሰጥ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልበለጠም። አንዱ ዝንጅብል፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። እኔ ይህ ሰው አስተማሪ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ቁጥር 11 የለም። የስልክ ቁጥር ለጥፎ ዘይት የሚሸጥ ሰው ነበር፣ አጠፉት። ደግ አደረጉ።

ቁጥር 12 ፑኔ ለተማረው ወንድም የመጣ እርማት ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቦስተን አካባቢ ሱቅ ውስጥ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ጥናቱ በ2004 ነው የወጣው። በ2008 ደግሞ በኢንተርኔት የተገዙ 193 ሲመረመሩ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከእነዚሁ ብረቶች ነበረባቸው። ሁልጊዜ በስህተት የገባ አይደለም። ራሳ ሻስትራ በሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ብረትን አቃጥለው አመድ ያደርጉና ባስማ ብለው ሆን ብለው ይቀላቅሉታል። ዕፅ ብቻ ከተባሉትም ውስጥ ብረት የተገኘባቸው አሉ። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ትክክል አይደለም፣ እርሳስም የተፈጥሮ ነው አለ።

አመድማ ዱቄት። ስም የሌለው ብልቃጥ። ለእህቴ ወዲያው ደወልኩ። ባልደረባዋ ከየት ነው ያመጣሽው ብትባል ከሰፈር ሰው ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። በዚያው ቀን አቆምኩ። እህቴ አለቀሰች፣ በደግነት ነው የላከችው። ማንም እንዳይወቅሳት እዚህም እጽፋለሁ።

ቁጥር 13 ሁሉንም ያስደነገጠችው ናት። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪም ጠንካራ ማስታገሻ ስለከለከላት እንዲህ ያለ ዱቄት አስመጥታለች፣ ነገ ልትጀምር ነው። ቁጥር 14 ነርስ ናት፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ መለሰችላት። ቃሏ ቁጣ ነበረው። እንዳትነኪው፣ ክዳኑንም እንዳትከፍቺ ነው ያለቻት። እርሳስ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ የሕፃኑን አንጎል ይጎዳል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ2011 እና በ2012 ስድስት ነፍሰ ጡሮች ከአዩርቬዳ መድኃኒት የተነሳ ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። ብዙ ሴቶች ላይ ማይግሬን ከአራተኛው ወር በኋላ እየቀለለ ይሄዳል፣ ትንሽ ታገሺ፣ ፓራሲታሞል ራሱ ስንት ቀን እንደሚቻል ክትትል የሚያደርግልሽን ጠይቂ አለቻት። ስለ ናስያም አንድ ነገር ጨመረች። ዘይት በአፍንጫ በራስ እጅ መጨመር ጥሩ አይደለም፣ ወደ ሳንባ ከወረደ የሳንባ ምች ያመጣል። ከሕመሙ በፊት ዓይናቸው ላይ የሚብለጨለጭ ዚግዛግ መስመር የሚታያቸው ሴቶች ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ከመውሰዳቸው በፊት ለሐኪም ይንገሩ፣ ስትሮክ የመምታት ዕድሉን ይጨምራል አለች።

ከቁጥር 15 እስከ 19 ቡና ነው። ስለ ራስ ምታት ተወርቶ ቡና ካልተነሳማ ሐበሻ አልተሰበሰበም። ቁጥር 15 ህንዶቹ ቡና ተዉ ይላሉ ስትል ቁጥር 16 በአንድ ቀን ትቼ ለሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ አለ። ፋርማሲስቱ ተመልሶ መጣና አስረዳ። በቀን ከ200 ሚሊግራም በላይ ካፌይን ከሁለት ሳምንት ለበለጠ ጊዜ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መቀነስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ስኒ ነው። እሑድ አርፍደን ተኝተን ቡናው 5 ሰዓት ላይ ሲደርስ ራሳችንን የሚያመን ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ጾም ሄደ። አንዱ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ስጾም በየቀኑ ያመኛል አለ፣ አንዷ የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ አለች። እስራኤል ያለ ወንድም ደግሞ የዮም ኪፑር የ25 ሰዓት ጾም ራስ ምታት እዚያ ሐኪሞች ያጠኑት ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ሦስት እምነት፣ አንድ ራስ ምታት። ቁጥር 18 ጾምን በሽታ አታድርጉት ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 19 ቄስ አባቷን ጠይቃ መጣች። ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ሰዓቱን ሊያሳጥርለት ይችላል፣ ጠይቆ መሥራት ነው እንጂ ተደብቆ መሰቃየት አያስፈልግም አሏት። እኔ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ቡናን እየቀነሱ መሄድ እንደሚጠቅም ከራሴ ጨመርኩ፣ ዘንድሮ አድርጌው አይቻለሁ።

ቁጥር 20 ቅቤ አነሳ። አያቱ ራሳቸውን ሲያማቸው ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ ያስደርጉ ነበር፣ ህንዶችም ንጥር ቅቤ በራስም በአፍንጫም ያደርጋሉ አለ። ቁጥር 21 የቅቤን ዋጋ አነሳችና ውይይቱ ገበያ ሆነ። የሸኖ ነው፣ የጎጃም ነው፣ ሙዝ ተቀላቅሎበታል ተባለ። ቁጥር 22 ዳማከሴን አመጣ፣ ህንዶች የሚያመልኩት ቱልሲ፣ የኛ ዳማከሴና በሶብላ የአንድ ወገን ዕፅ ናቸው አለ። ልክ ነው። ቁጥር 10 ግን በጨዋ ቃል አረመው። ወገን መሆን አንድ መድኃኒት መሆን አይደለም፣ ድንችና መርዛማው አጤ ፋሪስም ዘመዳሞች ናቸው። አንዷ በዚሁ መሃል የቡና እጣን ማይግሬኗን እንደሚቀሰቅስባት ተናገረች፣ አማቷ ቤት እጣን አታጭሱ ማለት ከብዷት። ስድስት ሰው እኔም እኔም አላት። ሽታ ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነው። ንገሪያቸው እህቴ፣ ይገባቸዋል።

ቁጥር 23 የሁሉንም ዓይን ገለጠ። ኒው ዴልሂ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ኤይምስ የሚሉት፣ ዮጋን ማይግሬን ላይ ሞክሮ በ2020 አሳትሟል። 114 ሰዎች እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ሁለቱም ወገን መድኃኒት ይወስዳል፣ አንዱ ወገን ዮጋ ይጨምራል። አንድ ወር በሳምንት ሦስት ቀን በአሠልጣኝ፣ ከዚያ ሁለት ወር በሳምንት አምስት ቀን ቤት። ዮጋ የጨመሩት በወር ከ9 በላይ ከነበረው ራስ ምታታቸው ወደ 5 ገደማ ወረደላቸው። መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ከ7.7 ወደ 6.8 ነው የወረዱት። መድኃኒት ተዉ አላሉም፣ ጨምሩበት ነው ያሉት። ቁጥር 24 ዮጋ ባዕድ አምልኮ ነው ብላ ተቃወመች። ቁጥር 25 ጸሎትሽን እየጸለይሽ ተንጠራሪ፣ በዝግታ ተንፍሺ፣ ማንም አይከለክልሽም አላት። እኔ የአንገትና የትከሻውን ብቻ ነው የምሠራው፣ 20 ደቂቃ።

ቁጥር 26 ላይ ያ ተሳዳቢው ሰው፣ ቁጥር 8፣ ተመለሰ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ። አባቱ የደም ግፊት ክኒናቸውን ጥለው ሰው የነገራቸውን ዕፅ ብቻ ሲጠጡ ስትሮክ መታቸው። ለዚህ ነው የተቆጣሁት አለ። ቀጥሎ እናቱ አሉ፣ 58 ዓመታቸው ነው፣ ራሳቸውን ታመው የማያውቁ ሰው ከሁለት ወር ወዲህ ያማቸዋል፣ ማይግሬን ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ በዮጋም በዝንጅብልም እንዳያዘገያቸው ነገረችው። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር የሚያዝል ከሆነ በቶሎ ሐኪም ማየት አለበት። በማግሥቱ ወሰዳቸው። ውይይቱ ውስጥ ያን ቀን ማንም ማንንም አልሰደበም።

ቁጥር 29 የኔ ነው፣ ከአራት ወር በኋላ የጻፍኩት። ማስታገሻውን ሐኪም እያየኝ አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ ከበፊቱም ባሰ፣ እንደሚብስ ተነግሮኝ ባይሆን ኖሮ ተመልሼ እውጥ ነበር። ማይግሬን እንዳይመጣ የሚከላከል ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን ጀመርኩ። አስም ላለበት ሰው አይሆንም፣ ስለዚህ ከጎረቤት እንዳትዋሱ። ከአዩርቬዳ የወሰድኩት ሰዓት መጠበቁን ነው፣ እንደ ሻርጃዋ አያት። 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ፣ 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ እሑድም ጭምር። ምሳዬን 6 ሰዓት ተኩል ላይ እበላለሁ፣ ስብሰባ ቢኖርም ቋጥሬ ይዤ እገባለሁ። ቡና ሁለት ስኒ፣ ሁለቱም ከምሳ በፊት። ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ማስታገሻ የወሰድኩበት ቀን በወር ከ19 ወደ 4 ወረደ። የቱ እንደረዳኝ ለይቼ መናገር አልችልም፣ ክኒኑም ሰዓቱም አብረው ናቸው።

ቁጥር 31 ያቺ ነፍሰ ጡር ናት። ብልቃጡን አልከፈተችውም። በአምስተኛው ወር ቀለል አላት። ልጇን ታቅፋ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው አለች፣ እንቅልፍ ስለሌላት እንዳይመለስባት ፈርታለች፣ የያዝሽው ደብተር ላይ ምን ምን ትጽፊያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ነው እህቴ፣ አንድ ገጽ ለአንድ ሳምንት። ቀን፣ የተኛሁበት ሰዓት፣ የነቃሁበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ቡና፣ ምሳ፣ የወር አበባ፣ ራስ ምታት ከ10 ስንት፣ ክኒን። የክኒኑን በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው፣ ወሩ ሲያልቅ ቀዩን ብቻ ትቆጥሪያለሽ።